የመቅደላው እስረኛና የነነዌ አንበሶች

የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ሆርሙዝ ራሳምን ያውቀዋል። የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ደጅ የጠና፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ቀርቦ ለጥቂት ጊዜ በክብር ከተያዘ በኋላ ከእነ ቆንስል ካሜሮን ጋር መቅደላ አምባ ላይ በእግር ብረት የከረመው መልእክተኛ ነው። በታሪክ መጻሕፍታችን ከዚህ ያለፈ ሚና የለውም። ይመጣል፣ ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ይሄዳል። ሰውየው ከየት እንደ መጣ፣ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊትም ምን ሲሠራ እንደ ኖረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ራሳም አፄ ቴዎድሮስ ፊት ከመቆሙ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1853 መጨረሻ ላይ፣ የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን የአንበሳ አደን ቅርጾች ከነነዌ አፈር ውስጥ ያወጣ ሰው ነው። ቅርጾቹ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ስለ ጥንታዊው ዓለም ጥበብ የሚናገር መጽሐፍ የገለጠ ሰው ቢያንስ አንዷን ሳያያት አይቀርም፤ አከርካሪዋ በፍላጻ ተመትቶ የኋላ እግሮቿን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ በፊት እግሮቿ ተደግፋ የምታገሣዋን እንስት አንበሳ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እርሷና ዘመዶቿ ናቸው። ራሳምን ያስቀደምኩት ለመግቢያ ማሳመሪያ አይደለም። እነዚህ ድንጋዮች ከግድግዳቸው እንዴት እንደ ወጡ ያላወቀ ሰው፣ ለምን ዛሬ እንደሚታዩት ሆነው እንደሚታዩ ሊገባው አይችልም ብዬ ስለማምን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ራሳም እ.ኤ.አ. በ1826 ሞሱል ከተማ ከጥንት የመስጴጦምያ ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። ወንድሙ በከተማው የእንግሊዝ ምክትል ቆንስል ነበር። ገና ወጣት ሳለ እንግሊዛዊው ኦስተን ሄንሪ ሌያርድ ለቁፋሮው ሥራ ቀጠረው፤ የሠራተኛ ደመወዝ ከመክፈል ጀምሮ ቁፋሮውን እስከ መምራት ደረሰ። በዚያ ዘመን ከሞሱል ፊት ለፊት፣ ከጤግሮስ ወንዝ ማዶ ያለውን ቁዩንጂክ የሚባለውን ጉብታ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች እንደ እርሻ መሬት ተካፍለውት ነበር። ባግዳድ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ራውሊንሰን ሰሜኑን ክፍል ለፈረንሳዩ ቆንስል ለቪክቶር ፕላስ ለቆለታል። ራሳም ደግሞ ትልቁ ነገር ያለው በዚያ በኩል ነው ብሎ አሳቡ ከዚያ አልወጣም። ስለዚህ የሚያምናቸውን ጥቂት ሠራተኞች ይዞ በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን አስቆፈረ። ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ የአፈሩ ግድግዳ ተናደ፤ ንጉሥ በሠረገላው ላይ ቆሞ ለአደን ሲሰናዳ የሚያሳይ ድንጋይ ብቅ አለ። ቤተ መንግሥት አንዴ ከተገኘ ላገኘው ነው የሚለው የቆፋሪዎቹ ልማድ ስለ ነበር ፈረንሳዩ ሲደርስ ነገሩ አብቅቶ ነበር። ይህን ሁሉ ራሳም ራሱ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ ሳያፍር ጽፎታል።

ስለ አገኛኘቱ ይህን ያህል ካልን ይበቃል። ወደ ድንጋዮቹ እንግባ።

አሹርባኒፓል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ669 ገደማ አንሥቶ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አሦርን የገዛ ንጉሥ ነው። በመጽሐፈ ዕዝራ ላይ አስናፈር ተብሎ የተጠራው እርሱ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይቀበላሉ። አያቱ ሰናክሬም፣ አባቱ አስራዶን ናቸውና የኛ አንባቢ ለቤተሰቡ እንግዳ አይደለም። የአንበሳ አደኑ ቅርጾች የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ645 እና በ635 መካከል በነበሩት ዓመታት እንደ ሆነ ይገመታል። ድንጋዩ ከጀሶ ዘር የሆነ ለስላሳ ዓይነት ነው፤ መሮ በቀላሉ ይቀበላል። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ረጅም መተላለፊያ በሚመስል ክፍል፣ በግድግዳው ርዝመት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመው ታሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየፈሰሰ ይሄዳል።

ታሪኩ አደን ይባል እንጂ ጫካ የለበትም። ሜዳው በጋሻ ጃግሬ ሰልፍ ታጥሯል፤ ከሰልፉ ፊት ማሠሪያቸው የሚወጠር ትላልቅ ውሾች ተይዘዋል። ወደ አንድ ጎን ዛፍ የለበሰ ኮረብታ አለ፤ የከተማው ሰው ትዕይንቱን ለማየት እየተሯሯጠ ይወጣበታል። አንበሶቹ ደግሞ ቀድሞ ተይዘው የመጡ ናቸው። ከእንጨት ርብራብ በተሠራ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተዘግተዋል፤ ከሣጥኑ በላይ በራሱ ትንሽ መከለያ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ልጅ መዝጊያውን ወደ ላይ ይስባል። አንበሳው ይወጣል። ሌላ መሄጃ የለውም፤ ዙሪያው ጋሻ ነው፣ ፊቱ የንጉሥ ሠረገላ ነው። ያ ልጅ ከሁሉ በላይ ይገርመኛል። ሥራው አውሬ መልቀቅ ነው፤ እርሱም ራሱ ሳጥን ውስጥ ነው።

በዚህ ትልቅ ትዕይንት ውስጥ አሥራ ስምንት አንበሶች ይቆጠራሉ፤ ከነነዌ አሥራ ስምንት በሮች ጋር የሚያገናኟቸው ተመራማሪዎች አሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከቁጥሩ ይልቅ አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። አንዱ ትከሻው ላይ በገባ ፍላጻ ምክንያት ቆም ብሎ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ ከአፉ ደም ይተፋል፤ የእግሩ ጅማት ሁሉ ተወጥሯል፣ ላለመውደቅ። ሌላው በጀርባው ተገልብጧል። አንዱ የሠረገላውን መንኮራኩር ነክሶ ይዟል። እንስቲቱ ሦስት ፍላጻ ተሸክማ ወገቧ ከድቷታል፤ የፊት ግማሿ ሕያው ነው፣ የኋላ ግማሿ ሞቷል፤ ቀራጺው በአንድ አካል ላይ የሕይወትንና የሞትን ድንበር አስምሯል ማለት ይቻላል። የአከርካሪ ጉዳት የደረሰበትን እንስሳ አይቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ከምናብ እንዳልመጣ ይመሰክራል። ሰውየው ቆሞ አይቷል። ደጋግሞ አይቷል።

ንጉሡን ደግሞ እንመልከት። በየሠረገላው ላይ እንደገና እንደገና ይመጣል፤ ሁልጊዜ ያው ነው። ጢሙ አንድ ዓይነት ተጎንጉኗል፤ በልብሱ ጥልፍ ላይ ያለችው አበባ ሳትቀር በጥንቃቄ ተቀርጻለች፤ ፊቱ ግን ምንም አይናገርም። አንበሳ አፉን ከፍቶ ክንዱ ላይ ሲደርስ የነበረው ፊት፣ አንበሳ ሲሞት ያለው ፊት ነው። ላብ የለ፣ ፍርሃት የለ፣ ደስታም የለ።

እንግዲህ የሐያሲዎቹ ክርክር እዚህ ላይ ይጀምራል። ከዘመነ ቪክቶሪያ አንሥቶ እስከ ዛሬ በሥዕል መጻሕፍት ገጾች ግርጌ የሚነበበው አሳብ ይህ ነው፤ ስሙ የማይታወቀው ቀራጺ ልቡ ለአንበሶቹ አዝኖ ነበር፤ ንጉሡን ለማሞገስ ተቀጥሮ አውሬውን አሞገሰ፤ ከትእዛዙ ሥር ሰርቆ ርኅራኄ አስገባ። ደስ የሚል አሳብ ነው። በተለይ በመንግሥት ትእዛዝ ጥበብ ሲሠራ አይቶ ላደገ የኛ ትውልድ አንባቢ ይጥመዋል፤ አገልጋዩ ጌታውን በብልሃት አታለለው ሲባል የማይደሰት ማን አለ? እኔ ግን አልቀበለውም።

ያልተቀበልኩበትን ምክንያት ለማስረዳት ከዚያው ከቤተ መንግሥቱ ሌላ ድንጋይ ላንሣ። ራሳም በ1854 ወደ አገረ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ ሌሎች ቁፋሮውን ቀጥለው ያገኙት ነው። አሹርባኒፓል በወይን ሐረግ ጥላ ሥር በአልጋ ላይ ጋደም ብሏል፤ ንግሥቲቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም ጽዋ ይዘዋል፤ አሽከሮች ያራግባሉ፤ በገና ይደረደራል፤ ወፎች በዛፉ ላይ ናቸው። ከበገና ደርዳሪው አጠገብ ባለው ጥድ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ የሰው ራስ ተንጠልጥሏል። የኤላም ንጉሥ የቴኡማን ራስ ነው። ያ ንጉሥ ኡላይ ወንዝ ዳር በተደረገው ጦርነት እንዴት ከሠረገላው እንደ ወደቀ፣ ከልጁ ጋር እንዴት እንደ ሸሸ፣ እንዴት አንገቱ እንደ ተቆረጠ በሌላ ተከታታይ ድንጋይ ላይ ደረጃ በደረጃ ተቀርጿል። ያም ድንጋይ እንደ አንበሶቹ ሁሉ በዐይን ታይቶ የተሠራ ነው፤ ወንዙ የሬሳ፣ የፈረስና የሠረገላ ክምር ይዞ ሲወርድ ይታያል። ታዲያ ስለ አንበሳዋ የምናለቅስለት ቀራጺ፣ ወይም የእርሱ የሥራ ባልደረባ፣ ይህንን ራስ በጥዱ ላይ ሲሰቅል መሮው ተንቀጥቅጧልን? ምልክቱ አይታይም። በዚያው እርጋታ፣ በዚያው ንጽሕና ሰቅሎታል። የአንበሳዋን ርኅራኄ ለቀራጺው የሚሰጥ ሐያሲ የዚህን ራስ ጭካኔ ለማን ሊሰጥ ነው? አንዱን ለቀራጺው፣ ሌላውን ለንጉሡ ማካፈል ለኅሊና ይመች ይሆናል እንጂ ሂስ አይባልም።

የንጉሡ የራሱ ጽሑፎችም አሳቡን አያግዙም። ዝናብ በዝቶ ሸንበቆው ስለ ለመለመ አንበሶች ተራብተው ከብቱንም ሰውንም እንደ ፈጁ ይናገራሉ። አንበሳ መግደል የንጉሥ ግዴታ ነበር፤ የመንግሥቱ ማኅተም ራሱ አንበሳ የሚወጋ ንጉሥ ምስል ነው። በሌላ ድንጋይ ላይ አሹርባኒፓል በአራት የሞቱ አንበሶች ላይ ወይን ሲያፈስስ፣ በመሠዊያና በበገና ፊት ቆሞ ይታያል። ጠላቱ ባነሰ ቁጥር ድሉ ስለሚያንስ አንበሳው በሙሉ ግርማው መሞት ነበረበት። እንስቲቱ እንደዚያ የምታገሣው ለእኛ እንድታሳዝን ሳይሆን የገደላት ምን ያህል ኃያል እንደ ሆነ እንድትመሰክር ነው።

ታዲያ አንበሶቹ ለምን ተለያዩ፣ ንጉሡስ ለምን አልተለያየም? ለእኔ የሥራው ቁልፍ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የንጉሥ ፊት ሥርዓት አለው። እንዴት እንደሚቆም፣ ጢሙ እንዴት እንደሚወርድ፣ ቀስቱን እንዴት እንደሚስብ ከቀራጺው አያት ዘመን ጀምሮ ተወስኗል፤ ከዚያ ዝንፍ ያለ እጁን ሊያጣ ይችላል። ለሚሞት አንበሳ ግን ሥርዓት ያወጣለት የለም። ጥርሱ፣ የአፍንጫው መሸብሸብ፣ የወገቡ መክዳት፣ ይህ ሁሉ ማንም ያልተቆጣጠረው አገር ነበር። ጎበዙ ቀራጺ ችሎታውን ሊያፈስስ የቻለው እዚያ ብቻ ነው። አዘነ ወይስ አላዘነ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ነፃ የሆነበት ቦታ ያ ነበር። ነፃነቱም በሞት ላይ ብቻ የተፈቀደ ነፃነት ነበር። ይህ ከርኅራኄው ተረት ይልቅ የከበደ፣ ለቀራጺውም የበለጠ ክብር የሚሰጥ ይመስለኛል።

ስሙን ማንም አልጻፈም። በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ለጥበቃ ተብለው የተቀበሩ አምስት ትናንሽ የሸክላ ውሾች ተገኝተዋል፤ እያንዳንዳቸው ጎናቸው ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ አንዱ አታስብ ንከስ እንደ ማለት ነው። የሸክላ ውሻ ስም ሲኖረው ያንን እንስት አንበሳ የቀረጸው ሰው ስም የለውም። (በነገራችን ላይ ጽሑፉ የተጻፈበት የአካድ ቋንቋ የግእዝ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ውሻን ካልቡ፣ ቤትን ቢቱ፣ ልብን ሊቡ ይላል። ግእዝ የቆጠረ ሰው ከለንደን ተማሪ ይልቅ ቅርብ ነው።)

ርኅራኄው ከድንጋዩ ካልመጣ ከየት መጣ? ከመጋዝ ነው ብል አጋነንኩ አይባልብኝ። ድንጋዮቹ ለመርከብ እንዲቀሉ ጀርባቸው ተፈልጧል፤ ከፊሉ ለንደን ሲሄድ ከፊሉ ፓሪስ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1855 ደግሞ ፈረንሳዮች ከኮርሳባድና ከሌሎች ቦታዎች ያወጧቸው ከ200 የሚበልጡ ሣጥኖች ቁርና ከምትባለው ቦታ አጠገብ ወንዝ ውስጥ ሰጥመው ቀርተዋል። ቀለማቸውም የለም፤ ዱሮ ቢያንስ በከፊል የተቀቡ እንደ ነበሩ የቀሩት ጥቂት ምልክቶች ይናገራሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የፎቶግራፍ ባለሙያ መጥቶ እንስቲቱን ብቻዋን ቆርጦ ያወጣታል። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ዙሪያዋ ባዶ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፤ ብቻዋን የምትሞት ፍጡር ናት። በግድግዳዋ ላይ ግን ብቻዋን አልነበረችም። የንጉሡ ሠረገላ አለ፣ ውሾቹ አሉ፣ ኮረብታ ላይ የወጣው ሕዝብ አለ። ማዘን የጀመርነው ሕዝቡንና ንጉሡን ከሥዕሉ ካወጣንላት በኋላ ነው።

ደግሞ አውሮፓ ራሷ ወዲያው አላዘነችም። አንበሶቹ በተገኙበት በዚያው በ1853 ታዋቂው ቀራጺ ሰር ሪቻርድ ዌስትማኮት ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ሲመሰክር የነነዌ ቅርጾች ጥቅማቸው ጽሑፋቸው ቢነበብ ለታሪክ ነው፣ በጥበብ በኩል ግን እጅግ መጥፎ ሥራ ስለ ሆኑ ከእጅ ያለው ዐሥረኛው ለናሙና ይበቃ ነበር የሚል ቃል ሰጥቷል። መለኪያው የግሪክ እብነ በረድ ነበርና አሦር ሚዛኑን አልደፋችም። እንግዲህ የዚህ ጥናት መነሻ ይህ ነው፤ ድንጋዩ የሚፈለገው መጽሐፍ ቅዱስን እንዲያረጋግጥ እንጂ በራሱ እንዲታይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሲወደድም የተወደደው ወደ አውሮፓ ስሜት የቀረበው ክፍል፣ ማለትም አንበሳው ነው። ንጉሡ፣ ያ ሁሉ ጥልፍና ጢም፣ እንደ ጌጥ ተቆጠረ።

የአሹርባኒፓልን ቅርጽ መጀመሪያ የተቸው ግን ዌስትማኮት አይደለም። ነነዌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 በሜዶንና በባቢሎን ጦር ስትወድቅ ቤተ መንግሥቱ የገባ ወታደር ነው። በወይኑ ሐረግ ሥር ያሉት የንጉሡና የንግሥቲቱ ፊቶች ሆን ተብለው ተፈንክተዋል። አንድ ድንጋይ ላይ ደግሞ ንጉሡ የአንበሳ ጅራት በእጁ ይዞ ይታያል፤ አንድ ሰው በመሮ ከእጁ አጠገብ ያለውን ጅራት ፈልፍሎ አጥፍቶታል፤ አንበሳውን አስፈትቶታል ማለት ነው። ቀልደኛ ነበር? ወይስ የንጉሡ ኃይል በእርግጥ በዚያ ጅራት ላይ እንዳለ ያምን ነበር? የባግዳድ ተወላጅዋ የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ዘይነብ ባህራኒ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ በባቢሎንና በአሦር ምስል የአንድ ነገር ግልባጭ ብቻ እንዳልነበረ፣ የባለቤቱን ህልውና በከፊል የሚሸከም አካል ተደርጎ ይታይ እንደ ነበር ይከራከራሉ። ይህን አሳብ ከተቀበልን ያ ወታደር ድንጋይ አልቧጠጠም፤ ንጉሡን ራሱን ነክቷል። ከእኛ ሐያሲዎች ሁሉ ሥራውን በቁም ነገር የወሰደው እርሱ ነው።

የባቢሎን ነገር ሲነሣ የባቢሎንን አንበሳ ጨርሶ ማለፍ አይገባም። ናቡከደነፆር በሰልፍ መንገዱ ግራና ቀኝ ወደ 120 የሚጠጉ አንበሶች በቀለም ጡብ አስሠርቷል፤ ጀርመናዊው ኮልደቪ ከ1899 ጀምሮ ባደረገው ቁፋሮ ስብርባሪያቸውን አወጣ፤ አሁን ከፊሉ በርሊን ውስጥ ተገጣጥሞ ይገኛል። እነዚያ አንበሶች ይራመዳሉ፣ ያገሣሉ፣ አይቆስሉም። በቅርጽ ማውጫ ተመትተው የወጡ፣ በጡቦቹ ላይ ለገጣሚው ምልክት የተደረገባቸው የሚያምሩ እንስሳት ናቸው። አየኋቸው፣ ወደድኳቸው፣ ወዲያው ረሳኋቸው ማለት ይቻላል። አንዱን ያየ መቶ ሃያውንም አይቷል። የእሽታር አምላክ እንስሳ ስለ ሆኑ ሥርዓታቸው ተወስኗል፤ ከላይ ስለ ንጉሥ ፊት ያልኩት እዚህ በአንበሳ ላይ ደርሷል።

ወደ ነነዌ ስንመለስ የኛን አንባቢ በቀጥታ የሚነካ አንድ ድንጋይ አለ። የአሹርባኒፓል ጦር በግብፅ ምሽግ ላይ መሰላል ጥሎ ሲወጣ ያሳያል። ከበሩ በሰልፍ የሚወጡት ምርኮኞች ራሳቸው ላይ አንዳንድ ላባ የሰኩ የኩሽ ወታደሮች ናቸው፤ የመጽሐፈ ነገሥቱ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሠራዊት ወገን። (አገራቸው ዛሬ ሱዳን በምትባለው ምድር ላይ ነበር፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ኢትዮጵያ ስላላቸው ብቻ አክሱም ላይ ማምጣት አይገባም።) የአሹርባኒፓል አባት አስራዶን በ671 ሜምፊስን ሲይዝ የቲርሐቅን ልጅ ማረከ፤ ዚንቺርሊ በተባለ ቦታ ተገኝቶ በርሊን ባለው ትልቅ ሐውልት ላይ በንጉሡ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ በከንፈሩ ገመድ ገብቶበት የሚታየው ሰው እርሱ ነው ብለው ብዙዎች ያምናሉ። በነነዌው ድንጋይ ላይ ያሉትን የኩሽ ሰዎች ፊት ከአንበሶቹ ጋር አስተያዩ። ሁሉም አንድ ፊት ነው። ላባው፣ ጸጉሩ፣ ከንፈሩ በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ማን እንደ ሆኑ፣ ከየት እንደ ተያዙ በደንብ ይታወቃል። ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። ለምርኮኛም ሥርዓት ወጥቶለት ነበርና። አሥራ ስምንት አንበሳ አሥራ ስምንት ዓይነት ሞት ሲሞት እነዚህ በአንድ ፊት ተሰልፈው ወጡ። ስለ አንበሳዋ ገጽ ሙሉ የሚጽፉት መጻሕፍት ስለነዚህ ሰዎች አንድ መስመር ካላቸው ብዙ ነው።

የራሳም የኋላ ሕይወትም ከዚህ ጥናት ታሪክ ተለይቶ አይታይም። አፄ ቴዎድሮስ ፊት የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 1866 ነው። አንበሶች የሚያሳድጉ ንጉሥ ነበሩ፤ ነነዌ ላይ የድንጋይ አንበሳ ያወጣው ሰው በሥጋ ያሉትን ሲያይ ምን እንደ ተሰማው ማወቅ ብንችል በወደድን። ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እስረኞቹ ተፈቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ፣ መቅደላ ተዘረፈ። ከናፒየር ጦር ጋር ሪቻርድ ሆምዝ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ተልኮ ነበርና ከተዘረፉት ብራናዎች ወደ 350 የሚሆኑት በኋላ እዚያው ሙዚየም ገቡ። ለራሳም መፈታት የተደረገው ዘመቻ፣ ራሳም አንበሶቹን ላስገባበት ተቋም ሌላ ክምችት ጨመረለት። ሁለቱን ክምችቶች ያገናኘ ዐውደ ርእይ ይዘጋጅ ቢባል የመጀመሪያው ጎብኚ እሆን ነበር።

ራሳም በ1870ዎቹ መጨረሻ ወደ ቁፋሮው ተመልሶ የባላዋትን የነሐስ በር ማስጌጫዎችና የቂሮስን የሸክላ ጥቅልል ጨምሮ ብዙ ነገር አወጣ። ምስጋናው ግን አልተከተለውም። ከሙዚየሙ ሹማምንት አንዱ የነበረው ዋሊስ በጅ፣ የራሳም ዘመዶች ቅርስ ለነጋዴ እያሾለኩ ሙዚየሙ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው የሚል ወሬ ነዛ። ራሳም በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ረታ፤ የተፈረደለት ካሳ 50 ፓውንድ ነበር። ሌያርድ ስለ ወዳጁ ታማኝነት በጽሑፍ ቆሞለታል። የሞሱሉ ሰው እንግሊዝኛ ጽፎ፣ እንግሊዛዊት አግብቶ፣ ለእንግሊዝ ታስሮ፣ በ1910 ብራይተን አካባቢ ሲሞት በሙያው ዓለም ከሊቅ ሳይሆን ከቆፋሪ ተራ ነበር የተቆጠረው። እርግጥ ነው፣ የቁፋሮ ዘዴው በዛሬው ሚዛን አያስመሰግነውም፤ ድንጋዩን ለማግኘት ሲቸኩል በዙሪያው ያለውን አላስመዘገበም። የዘመኑ ሰዎች ሁሉ ግን እንዲያው ነበሩ፤ ስማቸው ላይ ጥያቄ ምልክት የተደረገው ለእርሱ ነው።

ከአደኑ ክፍል ድንጋዮች ጋር ራሳም በሺህ የሚቆጠሩ የሸክላ ጽሑፎች አገኘ፤ ዛሬ የአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት የሚባለው፣ ከ30 ሺህ በላይ ሙሉና ስብርባሪ ሸክላ ያለው ክምችት አንድ ክፍል ናቸው። ጆርጅ ስሚዝ የተባለ፣ በወጣትነቱ የገንዘብ ኖት ቅርጽ ማውጣት የተማረ ሰው በ1872 ከእነዚህ ሸክላዎች የጥፋት ውሃን ታሪክ አንብቦ ዓለምን አስደነገጠ። ንጉሡ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያሰባሰበው በዚያው ቤት ነው፤ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ ብሎ ይኮራ ነበር። በአንዳንድ ቅርጾች ላይ ከመታጠቂያው ውስጥ የመጻፊያ ብዕር ሽጦ ይታያል። እያደነም ቢሆን።

ነቢዩ ናሆም ነነዌን የአንበሳ ዋሻ ብሎ ሲዘብትባት የአሦር ነገሥታት ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደ ነበር ሳይሰማ አልቀረም። ትንቢቱ ከተፈጸመ ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በኋላም ከተማይቱ አላረፈችም። አይሲስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ሞሱልን ይዞ በሙዚየሙ ያሉትን ሐውልቶች በመዶሻ፣ በነነዌ ቅጥር በር ላይ የቆሙትን ክንፋም በሬዎች በመሰርሰሪያ አፈረሰ፤ በ2016 ማሽቂ የሚባለውን በር በከባድ መኪና ደረመሰው። ያንን በር መልሰው ለመጠገን የኢራቅ ባለሙያዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ፍርስራሹን ሲያነሡ በ2022 ሰባት የተቀረጹ ድንጋዮች አገኙ። የሰናክሬም ዘመን ሥራ ናቸው፤ ከአያትየው ቤተ መንግሥት መጥተው በሩ ላይ የተገጠሙ። ከመሬት በላይ የነበረው ክፍላቸው ተፍቆ ጠፍቷል፤ ከመሬት በታች የነበረው ግን እንዳለ ነው፤ ቀስተኞች፣ ተራሮች፣ የወይን ሐረግና የተምር ዛፍ። ማንም በመጋዝ አልፈለጣቸውም፣ ማንም በሣጥን አላሸጋቸውም። ሞሱል ናቸው።